የእትዬ የትናየት ሁለተኛ ዓይን

«ዓይኔን መልስልኝ» የሚለው ድምፅ አጥሩን ተሻግሮ ሲደርሰኝ ገና ጫማዬን አላሰርሁም ነበር። ድምፁ የጎረቤቴ የእትዬ የትናየት ነው። እትዬ የትናየት ነገር ሲጠፋባቸው ለሠፈሩ ሁሉ የሚያሳውቁ ሴት ናቸው፤ ዶሮ ይሁን፣ ቁልፍ ይሁን፣ ሰው ተውሶ ያስቀረባቸው ወንፊት ይሁን፣ በስሙ እየጠሩ ነው የሚጠይቁ። ዓይን ግን ጠፋኝ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። በአጥሩ ቀዳዳ ብመለከት ከቅዳሴ እንደተመለሱ፣ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ፣ ግቢው መካከል ቆመዋል፤ ሁለቱም ዓይናቸው በቦታው ነው፤ እንዲያውም ከሌላው ቀን ይልቅ ፈጠው ይታያሉ። እንግዳው የሚባለው የወንድማቸው ልጅ ደግሞ መፋቂያውን በአፉ እንደያዘ ክፍሉ በር ላይ ቆሟል። እንግዳው ሠዓሊ ነው። ሠላሳ አልፎታል፣ አላገባም፣ እትዬ የትናየት ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ያለ ኪራይ ይኖራል፤ የሚበላውም ከእሳቸው መሶብ ነው። ያን ጠዋት የሱ ፍራሽ ከክፍሉ ወጥቶ አጥር ላይ ተሰቅሏል። ለፀሐይ ይሁን ለመንገድ እትዬ የትናየት አልገለጡም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግዳው በመናኸሪያው ግድግዳ ላይ የገበያችንን ሰዎች ሥሏል። ምረቃው የዚያኑ ቀን ከቀትር በኋላ ነበር። እስከዚያ ማንም እንዳያየው፣ ጨርቅ ነጋዴው ባሽር በሰጠው ሰማያዊ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ሸፍነውታል። የደባርቅ ነፋስ ግን የምረቃ ሰዓት አይጠብቅም፤ ሌሊቱን ጨርቁን ሲገልጥ አድሮ፣ ጠዋት ሴቶች ወደ ቅዳሴ ሲያልፉ እትዬ የትናየት የተሣሉበት በኩል እርቃኑን ቀርቶ አገኙት። ቀድመው ያዩት ወይዘሮ ስጦታ ናቸው፤ የማኅበር ጓደኛቸው። ቅዳሴው መካከል ጠጋ ብለው፣ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ግድግዳ ላይ ወጥተሻል፤ ግን አንዱን ዓይንሽን የት አደረሱት?» አሏቸው ይባላል። እትዬ የትናየት ከዚያ በኋላ ቅዳሴውን በምን ልብ እንደፈጸሙት እግዜር ይወቀው። ሲመለሱ በመናኸሪያው በኩል ዞረው አዩ። እውነት ነው። ከጎን ነው የተሣሉት። አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ ግማሽ አፍ።

ይህ ለሌላ አገር ሰው ቀልድ ይመስለው ይሆናል። እኛ ግን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያየን ነው ያደግን። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ኃጥእ ከጎን በአንድ ዓይኑ። ማን ክፉ፣ ማን ደግ እንደሆነ ፊደል ያልቆጠረውም በዚህ ይለያል። ይህን ከእትዬ የትናየት በላይ የሚያውቅ ደግሞ የለም። ወንድማቸው፣ የእንግዳው አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና አለቃ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ ከዳባት እስከ ጃናሞራ ስንቱን ቤተ ክርስቲያን ሲሥሉ፣ ቀለሙን እየፈጩ ያቀረቡላቸው እሳቸው ነበሩ። የይሁዳን ቀለም እንኳ በእጃቸው ነው የበጠበጡት።

እኔን በቀዳዳው ሲያዩኝ ደስ አላቸው፤ የሚላክ ሰው አገኙ። «ታደለ» አሉኝ፣ «ለዚህ ሰው ንገርልኝ። አባቱ በሣለው ሁሉ ወደ ጎን የሚያይ ማን እንደሆነ ጠይቅልኝ።» ይህ ሰው የተባለው ከእሳቸው እጅ ሲዘረጋ የሚደርስ ቦታ ላይ ቆሟል።

«እቴቴ፣ ሥዕሉ ላይ ቅቤ እያሸተትሽ እኮ ነው» አለ እንግዳው መፋቂያውን አውጥቶ። «ቅቤ የሚያሸት ሰው ወደ ቅቤው ነው የሚያይ።»

«ይሁዳም ወደ ብሩ ነበር የሚያይ፣ በለው።»

አልሁት። ምን ላድርግ። ከዚያ በኋላ ፍርዱም በኔ በኩል ነው የተላለፈ። ወይ ከምረቃው በፊት ሁለተኛው ዓይን ይመጣል፣ ወይ ሠዓሊው ሌላ ቤት ይፈልጋል። የማኅበር ሴቶች ሁሉ ነጠላቸውን አጥበው ለምረቃው ተዘጋጅተዋል፤ በእነሱ ፊት ከኃጥኣን ወገን ቆሞ መታየት እንደማይሆንላቸው ተናገሩ፤ በዚህ ዕድሜያቸው የሠሩት ምን ኃጢአት እንደሆነም እንዲነገራቸው ጠየቁ። እንግዳው መፋቂያውን ወደ አፉ መለሰ። እሳቸውም ወደ ቤት ገብተው ፍርፍሩን በሳህን አውጥተው በርጩማ ላይ አስቀመጡና፣ እየበረደ መሆኑን ንገረው አሉኝ። ነገርሁት። አልበላም። ሁለቱም ፍርፍሩን አዩ፤ እኔም አጥሩ ማዶ ሆኜ ፍርፍሩን አየሁ። ከዚያ መሰላሌን ላነሣ ገባሁ።

መሰላሉን የጠቀስሁት በዚያ ቀን ሥራዬ ሁሉ እሱን ተከትሎ መሄድ ስለነበረ ነው። እኔ ቆርቆሮ እየመታሁ ነው የምኖር። በዛሬ የባሕር ዛፍ አጣና ዋጋ መሰላልን ለሰው አምኖ መስጠት ሞኝነት ነው፤ እንግዳው ሲዋሰኝ እኔም አብሬ እዋሳለሁ። በዋናው መንገድ ስንወርድ ረዳቶቹ «ዳባት! ጎንደር!» እያሉ ይጣራሉ፣ ድንች የጫነ ጋሪ መንገዱን ዘግቷል፣ ከየሆቴሉ በር ላይ ደግሞ የእንግዳው ዋልያዎች ያዩናል። የከተማችንን ዋልያ ሁሉ የሣለው እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ትንሽ ወደ ፍየል ያደላሉ፤ ባለቤቶቹ ግን አንዴ ከሰቀሉ ወዲያ ዋልያ ነው ብለው ጸንተዋል። አንድ ጋሎን ቀለም አምና ከነበረበት በእጥፍ ጨምሯል እያልሁ ጨዋታ ባመጣለትም አልሰማኝም። ከፊት የመሰላሉን ጫፍ ይዞ እንደ አስከሬን ተሸካሚ ይራመዳል።

ግድግዳው ጋ ስንደርስ ሊድያ ጨርቁን በድንጋይ እያስያዘች አገኘናት። ሊድያ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ የከተማችን የሥነ ጥበብ ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበርም ናት። ማኅበሩ እሷ፣ እንግዳው፣ አንድ ክራር መቺ፣ እንዲሁም በመሰላሉ ምክንያት እኔ ነን። ግድግዳው ከዚህ በፊት «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ነበረበት፤ ተሳፋሪው ሁሉ የሚሸናበትን ቦታ በዚያ ጽሑፍ ነበር የሚለየው። ሊድያ ፐብሊክ አርት፣ ፐብሊክ አርት እያለች፣ የአደባባይ ሥዕል ማለቷ ነው፣ ያልገባችበት ቢሮ የለም። አንዱ ኃላፊ ድርጅቱ ከየት አገር ነው አላት። ሌላው ጥበቃው ማን ነው አላት። ሦስተኛው ዋልያ ብቻ ከሆነ ይፈቀዳል አላት። በመጨረሻ ተናድዳ፣ «የጎረቤቱ ፊት ላይ የሚሸና ሰው የለም» ስትል ወዲያው ፈቀዱላት። ለዚህ ነው ግድግዳው ላይ የኛው ሰዎች የተሣሉት። ባሽር ግን ጨርቁን ሣለው፣ እኔን ተወኝ ብሎ ለመነ፤ ስለዚህ ሱቁ፣ የጨርቁ ጥቅልና ጀርባው ብቻ ነው ያለ። ያን ቀን በከተማው ሰላም የነበረው ሰው እሱ ብቻ ነው።

የዓይኑን ጉዳይ ስንነግራት ሊድያ ድንጋዩን ጣለች። በአርት ላይ ድርድር የለም አለች። ሌላውን ሁሉ ደግመህ ብትሥል እሺ፣ የእትዬ የትናየትን ከነካህ ግን ማኅበሩን እለቃለሁ አለችው። እሷ ከለቀቀች ማኅበሩ ክራርና መሰላል ብቻ ሊሆን ነው። ጨርቁን ገልጣ «ጋሽ ታደለ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አለችኝ። አየሁ። ሥዕሉ ላይ ቅቤ ነጋዴው አሻግሬ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ፣ ጥርሱ እስኪታይ ስቆ፣ ቅቤውን በሳህን ዘርግቷል፤ ሳቁ ደንበኛ ያመጣል ብሎ ራሱ ነው ለምኖ ያስጨመረው። እትዬ የትናየት ከጎኑ ጎንበስ ብለው ያሸታሉ። በከተማችን ሠርግ ያለበት ሰው እሳቸው ሳያሸቱለት ቅቤ አይገዛም፤ ያንን ነው የሣለው። አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ትንሽ ቅቤ አለ፣ የላይኛው ከንፈራቸው ከፍ ብሏል፣ ዓይናቸው ጠበብ ብሏል። ሠላሳ ዓመት በአጥር ስሰማቸው የኖርሁትን ሴት ዝም ብለው ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሊድያ ትክክል ነበረች፤ ችግሩ ግን ፍራሹ የተሰቀለው በሷ አጥር ላይ አልነበረም።

እንግዳው መሰላሉ ላይ ወጥቶ በጠመኔ ሁለተኛ ዓይን ሞከረ። አፍንጫው አጠገብ ሲያደርገው ጉንጭ ላይ ያረፈ ዝንብ መሰለ። ወደ ግንባር ከፍ ሲያደርገው የባሰ ሆነ። ሊድያ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ይህ በእንዲህ እንዳለ ገዱ የሚባለው የፓርክ ጠባቂ ስካውት ተራራው ላይ ካለው ሳንቃ በር ወርዶ ኖሮ ወሬውን ሰምቶ መጣ፤ እሱም ከነጠመንጃው ወደ ገደሉ ሲያይ ከጎን ነው የተሣለው። አንድ ዓይን አለው ተብሎ ከሥራ ቢቀነስ ማን ይጠየቃል ብሎ ክርክር ገጠመ። ሲያነጣጥር አንዱን ዓይን ይዘጋ እንደሆነ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና፣ እሱስ እዘጋለሁ ብሎ ደስ ብሎት ሄደ። እትዬ የትናየትን እንዲህ የሚሸኝ ነገር ግን አላገኘሁም። እንግዳው ጠመኔውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ወረደና፣ መሪጌታ ጋ እንሂድ አለኝ።

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔ መሰላሉን መናኸሪያ ትቼ መሄድ ስለማልችል ተሸክሜው ነው የሄድሁት፤ ልትሰቅሉኝ ነው እንዴ የመጣችሁ ብለው ሳቁብን። እንግዳው ጉልበታቸውን ስሞ ነገሩን አስረዳ። መሪጌታ ጺማቸውን እያሹ ብዙ አሰቡ። ከዚያ፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን የሚሣለው የሚጸልየውን ሰው ዓይን ለዓይን እንዳያየው ነው አሉ፤ መናኸሪያ ላይ ማን ይጸልያልና ነው። የሊማሊሞን ገደል ሊወርድ የተሳፈረ ሰው እንዴት እንደሚጸልይ እርስዎ አላዩም አልኋቸው። እሱም እውነት ነው አሉ፤ ቢሆንም ነውር የለበትም ብለው ፈረዱ። ይህንኑ ለእትዬ የትናየት ራሳቸው እንዲነግሩልን ስንለምናቸው ግን የሚጠይቁት በሽተኛ እንዳለ ትዝ አላቸው። «የፊታችን ማኅበር እሷ ቤት ነው፣ ልጄ» አሉት እንግዳውን እየተነሡ። «አንተው ንገራት።»

የነገርኋቸው እኔ ነኝ። ቀትር ላይ እትዬ የትናየት ቤት ገባን። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ አልጋው በጥልፍ ተሸፍኗል፣ ግድግዳው ላይ የአለቃ ሃብተ ጊዮርጊስ ፎቶግራፍ አለ፤ እሳቸውም እንግዲህ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው። እትዬ የትናየት የምረቃ ቀሚሳቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ቁልፍ ይሰፋሉ። የመሪጌታን ፍርድ ጨርሼ ስናገር ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «መሪጌታ በሁለት ዓይን ተሥለው ነው እንዲህ የሚሉ» አሉ። እንግዳውን አየሁት፤ አንገቱን ደፋ። እውነት ነው፣ መሪጌታ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ እንደ ሰማዕት ነው የሚያዩ።  ግድግዳው ላይ ያሉት አለቃ፣ አልጋው ላይ የተቀመጡት እህታቸው፣ በሩ ላይ የቆመው ልጃቸው፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት አፍንጫ አላቸው። ይህን ቀድሞ አስተውዬው አላውቅም ነበር። ቀሚሱ ሲያልቅ እትዬ የትናየት አጥፈው አልጋው ላይ አኖሩት። መሄዱን እሄዳለሁ አሉኝ፤ ሰው ሲስቅብኝ የምደበቅ ሴት አይደለሁም።

ይህች ቃል ናት እንግዳውን የጣለችው። «ጋሽ ታደለ፣ ንገርልኝ» አለ፣ እሱም ለምዶበት። «ከምረቃው በኋላ በነጭ ቀለም አጠፋታለሁ። ሁለት ዓይን ልሰጣት አልችልም፣ ትበላሻለች። እቴቴ አፍራ ከምትኖር ግን ሥዕሉ ይቅር።» እትዬ የትናየት እኔን እያዩ፣ «እሺ፣ በለው» አሉ። ከዚያ በኋላ ምሳ አቀረቡ፤ እሱ ግን ነጭ ቀለም ልግዛ ብሎ ወጣ።

የክብር እንግዳው ከጎንደር ሊመጡ ነበር፤ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ዳባት ላይ ሰው እስኪሞላ ስለቆመ ዘገዩ። ሕዝቡ ተሰብስቦ ድምፅ ማጉያው ሲያንቋርር ቆየ። የኛው እንግዳው ከግድግዳው ሥር የነጭ ቀለሙን ቆርቆሮ እግሩ አጠገብ አስቀምጦ ቆሟል፤ ሊድያ የቀለሙን ዓይነት ባየች ጊዜ ፈንጠር ብላ ቆመች። የክብር እንግዳው ደርሰው ስለ ጥበብና ስለ ዕድገት ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ጨርቁ ሲሳብ ሚስማር ያዘው፤ እኔ መሰላሌን አስደግፌ ወጥቼ ፈታሁት፤ ስሜ ግን አልተጠራም። ጨርቁ ወረደ።

መጀመሪያ ሰዉ ለማየት ተገፋፋ። ከዚያ እያንዳንዱ ራሱን ሲያገኝ ሁካታ ሆነ። አሻግሬ ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ መጥቶ ኖሮ ከራሱ ሥዕል ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሣል፤ ሁለት ዓይን የደረሰው መሆኑን ሳይሰማ አልቀረም፣ ደረቱን ነፍቶታል። እትዬ የትናየት በአዲሱ ቀሚሳቸው ከማኅበር ሴቶች መካከል መጡ። ሰዉ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ግድግዳውን ያያል። እሳቸው ወደ ግድግዳው አላዩም፤ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው መሬት መሬቱን ያያሉ። ያየሁት ያን ጊዜ ነው፣ እንግዳው ጎንበስ ብሎ የቀለሙን ክዳን ሲከፍት።

ወይዘሮ ስጦታ ግን ወደ ሥዕሉ ተጠግተው ነበር። ጠዋት በነፋስ መካከል ያዩትን አሁን በደንብ አዩት። መጀመሪያ የጓደኛቸውን አፍንጫ፣ ቀጥሎ ከንፈሩን፣ ቀጥሎ ሳህኑን አዩ። ዞር ብለው፣ «አንቺ የትናየት፣ ይህ ቅቤ የሚረጋ ዘይት አለበት እንዴ?» አሉ፤ ለጓደኛቸው የተናገሩት ነው፣ ድምፃቸው ግን ለሹክሹክታ የተሠራ አይደለም።

ከኋላ የነበረ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ሰዉ ሁሉ አንገቱን እያሰገገ የሚያየው አሁን ዓይኑን አይደለም፣ አፍንጫውን ነው። በዚያ አፍንጫ ላይ ያለው ፍርድ ደግሞ አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ገበያ ላይ ያን ፊት አይቶ ቅቤ የገዛ ሰው የለም። ግድግዳው ላይ ያለው የአሻግሬ ሳቅም ተለወጠ፤ ሲያታልል የተያዘ ሰው ሳቅ ሆነ። ሁለቱ ዓይኖቹ፣ ጠዋት የጽድቅ የነበሩት፣ አሁን ገዢውን ለማዘናጋት የፈጠጡ መሰሉ። አሻግሬ ፎቶውን አቋርጦ ወደ እንግዳው መጣ። ግንባሩ አልቦታል። ወንድሜ እንግዳው አለው፣ እትዬ የትናየትን ፊታቸውን ወደዚህ አዙርልኝ፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁለት ዓይን ይገባቸዋል፤ የቀለሙን እኔ እችላለሁ።

እንግዳው ደከመው መሰል ቀና አላለም። አታስብ፣ አሁን አጠፋዋለሁ አለው፤ ብሩሹን ነጩ ቀለም ውስጥ ነክሮ መሰላሌ ላይ ወጣ። ሊድያ ፊቷን አዞረች። እኔ መሰላሉን ይዤ ቆሜያለሁ፤ እጄን ብለቀው ይወድቃል፣ ብይዘው ያቺ ሴት ትጠፋለች። እትዬ የትናየት ያን ጊዜ ነው ቀና ያሉ። ሥዕሉን አዩ። ጠዋት ዓይን ሲቆጥሩ ነበር እንጂ አላዩትም ነበር። ከንፈሩን አዩ፣ ጥፍሩ ላይ ያለችውን ቅቤ አዩ፣ ቀለም ሲፈጩ ያደጉ ሴት ናቸውና ቅቤው ላይ የተደረገችውን፣ የንጹሕ ቅቤ ያልሆነችውን ትንሽ ቢጫም አዩ። ነጠላው ከአፍንጫቸው ወረደ። እኔን ታደለ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉኝም።

«እንግዳው» አሉ።

ብሩሹ በአየር ላይ ቆመ።

«አትንካት። ልክ ነው ያሸተተችው።»

አሻግሬ ይህን ሲሰማ ልመናውን ወደ እሳቸው አዞረ። «እትዬ፣ ኧረ አንድ ዓይን ብቻ እኮ ነው ያለዎት!»

«ላንተ ቅቤ አንዱም በዝቶበታል» አሉት።

ሰዉ ለመሳቅ ከክብር እንግዳው ፈቃድ አልጠየቀም። እንግዳው ከመሰላሉ ሲወርድ ነጩ ቀለም ጫማዬ ላይ ተንጠባጠበ። እትዬ የትናየት፣ ምሳህን ሳትበላ ውለህ እጅህ ይንቀጠቀጣል አሉት፣ ለራሱ፣ ያለ አስተርጓሚ። ሊድያ ዓይኗን እየጠረገች ስልኳን አወጣችና ከሥዕሉ ጎን እንዲቆሙላት ለመነቻቸው። ቆሙ። «እትዬ፣ ወደኔ ይዩ» አለቻቸው። አላዩም። ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው፣ አገጫቸውን ከፍ አድርገው፣ አሻግሬ ወደ ቆመበት በጎን ዞሩ።

«እንዲሁ አንሺኝ» አሉ።